ያገለገለ የስቶክ ካር ሻንሲን ወደ ጠመዝማዛ መም መኪና መለወጥ

ያገለገለ የስቶክ ካር ሻንሲን ወደ ጠመዝማዛ መም መኪና መለወጥ በአነስተኛ ወጪ የእሽቅድምድም መኪና ለማግኘት በተለይ በአሜሪካ የሚሠራበት ዘዴ ነው። በሞላላ መም ላይ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፈ እንዲሮጥ የተሠራና ከውድድር የወጣ መኪና ይገዛል። ከዚያም ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል እንዲታጠፍና ደጋግሞ አጥብቆ ፍሬን ቢያዝ እንዲችል ሆኖ ይስተካከላል። እንዲህ ያለው መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ለመነዳት ፈቃድ ስለማያገኝ ወደ መሙ የሚወሰደው በተጎታች ተጭኖ ነው።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ሞተር መቀየርና ቀለም መቀባት ይመስላል። ነገር ግን የሞላላ መም መኪና ከጎማው እስከ ዘይት መምጠጫው ድረስ ለግራ መታጠፊያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ይህ ሳይስተካከል ወደ ጠመዝማዛ መም የገባ መኪና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሞተሩ ሊነክስ ወይም በቀኝ መታጠፊያ ላይ ኋላው ሊያመልጥ ይችላል።

ስያሜና ታሪክ

«ስቶክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እዚህ ላይ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ያልተነካ ማለት ነው። ናስካር የተባለው የአሜሪካ የስቶክ ካር ውድድር ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. በቢል ፍራንስ መሪነት ሲመሠረት፣ ሐሳቡ ማንም ሰው ከሻጭ ሊገዛው የሚችለውን መኪና ማወዳደር ነበር። በ1949 እ.ኤ.አ. በሻርሎት ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ውድድር የቀረቡት መኪኖችም በእርግጥ የገበያ መኪኖች ነበሩ።

ፍጥነቱ እየጨመረ ሲሄድ የፋብሪካው አካል አልቻለም። በ1960ዎቹ ሆልማን-ሙዲን የመሳሰሉ ጋራዦች ለውድድር ብቻ የተጠናከሩ ሻንሲዎችን መሥራት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ከገበያው መኪና የቀረው መልኩና ስሙ ብቻ ሆነ። ከላሜራው ሥር ያለው ነገር ሁሉ በእጅ የተበየደ የብረት ቱቦ ነው። ስለዚህ የዛሬው ስቶክ ካር ስሙ እንደሚለው የፋብሪካ መኪና አይደለም። ለለዋጩ ጥቅም የሚሰጠውም ይኸው ነው፤ ከመነሻው የእሽቅድምድም መኪና ሆኖ የተሠራ ዕቃ ያገኛል።

የሻንሲው አሠራር

የአንድ የተለመደ የናስካር ሻንሲ ወለል ከአራት ማዕዘን ቱቦላሬ ይሠራል። በላዩ ላይ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ባላቸው ክብ ቱቦዎች የተበየደ፣ ነጂውን እንደ ጎጆ የሚከብ የመከላከያ አጥር ይቆማል። የቱቦው ግድግዳ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብረቱ ተራ ለስላሳ ብረት በመሆኑ ልምድ ያለው በያጅ በተለመደ የብየዳ መሣሪያ ሊጠግነው ይችላል። በካርቦን ፋይበር ከተሠራ መኪና ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናስካር ከፍተኛው ደረጃ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 110 ኢንች (2.79 ሜትር) ሆኖ ቆይቷል። በ2000ዎቹ የነበረው መኪና ያለ ነጂ ቢያንስ 3,400 ፓውንድ (1,542 ኪሎ ግራም ገደማ) እንዲመዝን ደንቡ ያዝዝ ነበር። በየአካባቢው ትናንሽ ሞላላ መሞች ላይ የሚሮጡት «ሌት ሞዴል» የሚባሉት መኪኖች ከዚህ ያጥራሉ፤ ክብደታቸውም ይቀላል።

የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው በላይና በታች ክንድ ተይዘው ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ከኋላ ግን አንድ ወጥ አክስል አለ። ይህ አክስል በሁለት ረጃጅም ክንዶች ወደ ፊት ተዘርግቶ ከወለሉ ጋር ይያያዛል። ንድፉ የመጣው በ1960ዎቹ ከተሠሩት የሼቭሮሌት ፒክአፕ መኪኖች ነው። በአክስሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዲፈረንሻል «ፎርድ 9 ኢንች» በመባል የሚታወቀው ነው። ፎርድ ይህን ከ1957 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በገበያ መኪኖቹና በፒክአፖቹ ላይ ይገጥም ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች ዛሬም መለዋወጫውን ስለሚሠሩ ዕቃው አይጠፋም።

ርካሽ የሚሆንበት ምክንያት

አንድ የውድድር መኪና ዋጋው የሚወድቀው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ደንብ ሲቀየርም ይወድቃል። ናስካር በ2007 እ.ኤ.አ. «የነገው መኪና» የተባለውን አዲስ ንድፍ ማወዳደር ጀመረ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሁሉም ውድድሮች አስገዳጅ አደረገው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መኪኖች በከፍተኛው ደረጃ መወዳደር አልቻሉም። በ2022 እ.ኤ.አ. የመጣው ለውጥ ከዚህም የሰፋ ነበር። ባለ 15 ኢንች የብረት ቸርኬ በባለ 18 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ተተካ። ወጥ የኋላ አክስል ቀርቶ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ለየብቻቸው የሚንቀሳቀሱ ሆኑ፤ ባለ አራት ማርሹ ካምቢዮም በባለ አምስት ማርሽ ተተካ። አሮጌውን ሻንሲ ለአዲሱ ደንብ ማስተካከል ስለማይቻል የቡድኖቹ ክምችት ገበያ ላይ ወጣ።

ሌላው ምክንያት የመለዋወጫው ተመሳሳይነት ነው። በአሜሪካ በየክፍለ ግዛቱ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚወዳደሩ የአካባቢ ሞላላ መሞች አሉ። የእነዚህ መኪኖች ቸርኬ፣ የፍሬን ሸራ፣ ሞላ፣ አሞርዛተርና ኩሽኔታ በብዛት ስለሚመረት ዋጋው ከአውሮፓ የእሽቅድምድም መኪኖች መለዋወጫ በጣም ያነሰ ነው። ሰዎች ከመግዣው ዋጋ ይልቅ ይህን ቢያስቡ ይሻላል። መኪና የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ፍሬን ሸራ ግን በየወቅቱ ይገዛል።

ለሁለት አቅጣጫ መታጠፊያ ማስተካከል

ክብደት

በሞላላ መም መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ይጋደላል። ይህን ለማካካስ ሠሪዎቹ በተቻለ መጠን ብዙ ክብደት በግራ ያስቀምጣሉ። በአንዳንድ ሻንሲዎች ሞተሩ ራሱ ከመሃል ወደ ግራ ተጠግቶ ይታሰራል። በግራና በቀኝ ያሉት ክንዶችም እኩል ርዝመት ላይኖራቸው ይችላል።

መለኪያው በአራቱ ጎማዎች ሥር የሚቀመጥ ሚዛን ነው። ለምሳሌ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና የፊት ግራው 370፣ የፊት ቀኙ 340፣ የኋላ ግራው 400፣ የኋላ ቀኙ 290 ኪሎ ግራም ቢያሳይ፣ የግራው ጎን ድምር 770 ኪሎ ግራም ነው፤ ይህም 55% ይሆናል። የፊት ቀኙና የኋላ ግራው ሰያፍ ድምር ደግሞ 740 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 52.9% ነው። ሰያፍ ድምሩ ከ50% ሲበልጥ መኪናው በግራ መታጠፊያ ላይ መሪው እየከበደ ፊቱ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ በቀኝ መታጠፊያ ላይ ግን ተቃራኒው ሆኖ ኋላው ያመልጣል። በአንድ አቅጣጫ የሚታመን መኪና በሌላው አቅጣጫ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚያደርጉት ባትሪውን፣ ተጨማሪ የእርሳስ ክብደቶችንና ሌሎች ሊነሱ የሚችሉ ዕቃዎችን ወደ ቀኝ ማዛወር ነው። ቀጥሎ የሞላዎቹን መቀመጫ በማጥበቅና በማላላት ሰያፍ ድምሩን ወደ 50% ያቀርባሉ። ይህ ማስተካከያ የሚደረገው ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው፤ የሰውየው ክብደት በግራ በኩል ስለሚያርፍ ያለ እሱ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል።

ጎማ

በሞላላ መም የኋላ ቀኙ ጎማ ከኋላ ግራው ተለቅ ያለ ዙሪያ እንዲኖረው ይደረጋል። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ የሻይ ብርጭቆ በጠረጴዛ ላይ ሲንከባለል ቀጥ ብሎ እንደማይሄድና ክብ እንደሚሠራ ሁሉ፣ መኪናውም በራሱ ወደ ግራ ይዞራል። የግራው ጎማ ዙሪያ 2.20 ሜትር፣ የቀኙ 2.25 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም 1.5 ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ አክስል ተቆልፈው ሲሽከረከሩ በተፈጥሯቸው የሚሠሩት ክብ የግራው ጎማ ራዲየስ 66 ሜትር ነው። ለአጭር ሞላላ መም ይህ ይጠቅማል። በጠመዝማዛ መም ላይ ግን ቀጥታ መንገዱንም የቀኝ መታጠፊያውንም ያበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አራቱም ጎማዎች እኩል ይደረጋሉ።

የፊት ጎማ ዘንበል

በሞላላ መም መኪና ላይ ሁለቱም የፊት ጎማዎች አናታቸው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። በቀኝ መታጠፊያ ላይ ዋናውን ጭነት የሚሸከመው የፊት ግራው ጎማ ስለሆነ፣ እንዲህ ሆኖ ከቀረ በውጭኛው ጠርዙ ብቻ ይቆማል፤ ጎማውም ፈጥኖ ይበላል። በጠመዝማዛ መም የሁለቱም ጎማዎች አናት ወደ መኪናው መሃል ማዘንበል አለበት። የላይኛው ክንድ በቦሎን የሚታሰር በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ይህን ለማድረግ ሌላ ርዝመት ያለው ክንድ መግጠም ይበቃል። የኋላው አክስልም በሞላላ መም ላይ ለመታጠፍ እንዲያግዝ ሆን ተብሎ ትንሽ ሰያፍ ተደርጎ ታስሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሻንሲው ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙ ይለካል።

ዘይትና ነዳጅ

ብዙ ሞተሮች የሚጠፉት በዚህ ክፍል ቸልተኝነት ነው። ወደ ግራ ብቻ በሚታጠፍ መኪና ውስጥ ዘይቱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ስለዚህ የዘይት መምጠጫው በቀኝ በኩል ይቀመጣል። መኪናው ወደ ቀኝ በኃይል ሲታጠፍ ዘይቱ ወደ ግራ ሸሽቶ መምጠጫው አየር ይስባል። የዘይት ግፊት ለጥቂት ሰከንዶች ቢጠፋ እንኳ የሞተሩን ዘንግ የሚይዙት ብረቶች ሊቃጠሉ ይችላሉ። መፍትሔው ውስጡ በትናንሽ መዝጊያዎች የተከፋፈለ ሌላ የዘይት ቋት መግጠም ነው። በትላልቆቹ የናስካር መኪኖች እንደሚደረገው ዘይቱን በተለየ ጋን አስቀምጦ በብዙ ፓምፕ መሳብም ይቻላል።

የነዳጅ መምጠጫውም እንደዚሁ ብዙ ጊዜ በኋላ ቀኝ ጥግ ላይ ስለሚሆን፣ ታንኩ ሲጎድል መኪናው በቀኝ መታጠፊያ ላይ ይንተፋተፋል። ለዚህ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ መካከለኛ ጋን ይጨመርለታል።

ፍሬን

በትላልቅ ሞላላ መሞች ላይ ነጂው ፍሬን የሚይዘው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለእነዚያ የተዘጋጀው መኪና ፍሬኑ ቀላልና ትንሽ ነው። በጠመዝማዛ መም ግን በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከከፍተኛ ፍጥነት ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ይወረዳል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ240 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲቀንስ 3 ሚሊዮን ጁል ገደማ የእንቅስቃሴ ጉልበት ያጣል። ይህ ጉልበት ወደ 9 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ነው። ጥቂቱን አየሩ ቢወስደውም አብዛኛው የሚገባው በፍሬኑ ዲስክ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው መታጠፊያም ይደገማል።

ስለዚህ ወፍራም ዲስክ፣ ትልቅ የፍሬን መያዣና ከፊት ነፋስ የሚያመጣ ቱቦ ያስፈልጋል። ለአጫጭር ሞላላ መሞች የተዘጋጁ መኪኖች ከመነሻው ጠንካራ ፍሬን ስላላቸው ለለውጥ ይመረጣሉ።

ካምቢዮና ዲፈረንሻል

በሞላላ መም ላይ ውድድሩ በአብዛኛው በአንድ ማርሽ ስለሚጠናቀቅ የቀሩት ማርሾች ርቀት ብዙም አይታሰብበትም። በጠመዝማዛ መም ግን ሁሉም ማርሾች ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም የተመጣጠነ መሆን አለበት። በብዙ ሌት ሞዴል መኪኖች ላይ ያለው ዲፈረንሻል ከኋላው ተከፍቶ ሁለት ጥርሶችን በመቀየር ብቻ የመጨረሻውን የማርሽ ምጣኔ ለመለወጥ ያስችላል። ይህም አንዱን መኪና ለተለያዩ መሞች ለማዘጋጀት ይጠቅማል።

የሞተር ምርጫ

የበጀት ትልቁ ወጥመድ ሞተር ነው። በናስካር ከፍተኛ ደረጃ ያገለገለ 5.9 ሊትር ገደማ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በብዙ መቶ የፈረስ ጉልበት ይሠራል፤ በደቂቃም እስከ 9,000 ዙር ይደርስ ነበር። ነገር ግን የተሠራው ለአንድ ውድድር ያህል እንዲያገለግልና ከዚያ ተፈትቶ እንዲታደስ ነው። መግዣው ቢረክስ እንኳ እድሳቱ ይከብዳል።

በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ጄኔራል ሞተርስ ለአካባቢ ውድድሮች አሽጎ የሚሸጠው 5.7 ሊትር ሞተር ነው። «602» የተባለው 350፣ «604» የተባለው 400 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ከተጋጩ ወይም ከተጣሉ የገበያ መኪኖችና ፒክአፖች የሚወጣው የዚያው ኩባንያ «ኤል ኤስ» የተባለው የሞተር ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ከእውነተኛው የውድድር ሞተር ያነሰ ጉልበት ቢኖራቸውም ለብዙ የልምምድ ቀናት ያለ እድሳት ሊሠሩ ይችላሉ።

ሻንሲ ሲገዛ የሚደረግ ምርመራ

የውድድር መኪና ሳይጋጭ መኖሩ ብርቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መጋጨቱ ሳይሆን እንዴት እንደተጠገነ ነው። ገዢዎች በአብዛኛው የሚከተሉትን ይመለከታሉ፦

• በሻንሲው ላይ በግራና በቀኝ ካሉ ተመሳሳይ ነጥቦች ሰያፍ ርቀት ይለካል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተጣሟል፤ ወይም ከመነሻው ለግራ መታጠፊያ ብቻ የተሠራ ነው።
• የፊትና የኋላው ክፍል ተቆርጦ በሌላ የተተካ ከሆነ የብየዳው ጥራት ይታያል።
• ቀለም የተላጠበት፣ የተሸበሸበ ወይም የዛገ ቱቦ ይፈለጋል።
• የፊት ጎማ ተሸካሚ ብረቶችና የመሪ ክንዶች በዓይን የማይታይ ስንጥቅ እንዳይኖራቸው በማግኔትና በብረት ብናኝ ይመረመራሉ።
• የመከላከያ አጥሩ የቱቦ ውፍረት መኪናው ሊወዳደርበት ከታሰበው ድርጅት ደንብ ጋር ይነጻጸራል። ይህ ከግዢ በኋላ ከታወቀ የሚስተካከለው አጥሩን እንደገና በመሥራት ነው።

የላሜራው መልክ ግን ዋጋ መወሰኛ መሆን የለበትም። ከ2007 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩ አንዳንድ መኪኖች ነፋሱን ለግራ መታጠፊያ እንዲጠቀሙበት አካላቸው ራሱ ወደ አንድ ጎን የተጠመዘዘ ነበር።

የደኅንነት ዕቃዎች

የመከላከያ አጥሩ ዕድሜ ረጅም ነው። ከውስጡ ያሉት ዕቃዎች ግን የማብቂያ ቀን አላቸው። ኤስ ኤፍ አይ በተባለው የአሜሪካ ደረጃ የተመዘገበ የነጂ ቀበቶና የመስኮት መረብ ከሁለት ዓመት በኋላ ይተካል፤ ፀሐይና ላብ ክሩን ስለሚያደክሙት ዕቃው አዲስ ቢመስልም ጥንካሬው ይቀንሳል። በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለው የጎማ ከረጢትም እንዲሁ ያረጃል።

እነዚህ ደንቦች ከሞት የተገኙ ትምህርቶች ናቸው። ፋየርቦል ሮበርትስ የተባለው ታዋቂ ተወዳዳሪ በ1964 እ.ኤ.አ. በሻርሎት በእሳት አደጋ ተቃጥሎ ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በስፖንጅ የተሞላ የማይቀደድ የነዳጅ ከረጢት በውድድሩ ተለመደ። ዴል ኧርንሃርት በ2001 እ.ኤ.አ. በዴይቶና በደረሰበት ግጭት ሲሞት ደግሞ፣ ናስካር በዚያው ዓመት ራስንና አንገትን የሚይዝ መሣሪያ አስገዳጅ አደረገ። መኪናው የተገዛው ከዚያ በፊት ከተሠራ ክምችት ከሆነ ወንበሩም ቀበቶውም ከዚህ መሣሪያ ጋር እንዲስማማ መቀየር ይኖርበታል። በአነስተኛ በጀት ሲሠራ ገንዘብ የማይቀነስበት ክፍል ይህ ነው።

የስቶክ ካር በጠመዝማዛ መም

የሞላላ መም መኪና በጠመዝማዛ መም መሮጡ አዲስ ነገር አይደለም። ናስካር በጠመዝማዛ መም የመጀመሪያውን የከፍተኛ ደረጃ ውድድር ያካሄደው በ1954 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ በሊንደን የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነበር፤ ያሸነፈውም አል ኬለር በጃጓር መኪና ነው። በኋላ በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድና ሶኖማ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ደግሞ ዋትኪንስ ግሌን የታወቁ መሞች ሆኑ። ለእነዚህ ውድድሮች ቡድኖቹ የተለዩ ሻንሲዎች ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሻንሲ ያገኘ ገዢ ከላይ ከተዘረዘረው ሥራ ብዙው ተጠናቆ ይጠብቀዋል።

በ1976 እ.ኤ.አ. ሁለት የናስካር መኪኖች፣ አንድ ዶጅና አንድ ፎርድ፣ በፈረንሳይ የለ ማን 24 ሰዓት ውድድር ተሳትፈዋል። ሁለቱም አልጨረሱም፤ ዶጁ በሞተር፣ ፎርዱ ደግሞ ብዙ ሰዓት ከሮጠ በኋላ በካምቢዮ ብልሽት ወጡ። በ2023 እ.ኤ.አ. በሄንድሪክ ሞተርስፖርትስ የተዘጋጀ ሼቭሮሌት ካማሮ ወደዚያው መም ሄዶ ውድድሩን እስከ መጨረሻው ሮጧል። ከነጂዎቹ አንዱ የቀድሞው የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ጄንሰን በተን ነበር።

ዛሬ የተለወጡ መኪኖች በአሜሪካ በ1944 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው በአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ ውድድሮች፣ በታሪካዊ መኪኖች ስብሰባዎችና ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የመም ልምምድ ቀናት ይታያሉ። በእያንዳንዱ ድርጅት ደንቡ ስለሚለያይ መኪናው ከመገዛቱ በፊት የሚወዳደርበት ክፍል ይመረጣል።

ገደቦች

ዘዴው ለሁሉም አይስማማም። መኪናው ከባድ ስለሆነ ጎማና ፍሬን ይበላል። የነጂው ክፍል በጣም ይሞቃል፤ የጭስ ማውጫው ከወለሉ ሥር ቅርብ ሆኖ ያልፋል። እንደ ላጉና ሴካ ባሉ የድምፅ ገደብ ያላቸው መሞች ላይ ያለ ማርሚታ መግባት አይቻልም። ተጎታች፣ እሱን የሚስብ መኪና፣ ማቆሚያ ቦታና ብየዳ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ የሌሉት ሰው በተራ የገበያ መኪና ልምምድ ቢጀምር ወጪው ያንሳል።

ቦታውና ሙያው ላለው ሰው ግን ያገለገለ የስቶክ ካር ሻንሲ ጠንካራ የመከላከያ አጥር፣ በቀላሉ የሚገኝ መለዋወጫና ቀላል ጥገና በአንድ ላይ ይሰጣል። የሥራው ቅደም ተከተልም በአብዛኛው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ፍሬንና የዘይት አቅርቦት፣ ከዚያ የክብደትና የጎማ ማስተካከያ፣ በመጨረሻም የሞተር ጉልበት።